ዓሣ እንዳይሞትብኝ

በመሥሪያ ቤታችን ክብሪት ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊት የሚለኝ የለም፣ ግን አውቃለሁ። የከተማዋን ውሃ የምናጣራው ሰዎች ብዙ አይደለንም፣ ሐሜትም ከፓምፕ ቤቱ ተነሥቶ ላቦራቶሪ ለመድረስ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም። ስሙ ያለ ቦታው አልተሰጠኝም። ቱግ እላለሁ፣ ወዲያው ይበርድልኛል፣ የተናገርኩትንም እረሳዋለሁ። የተነገረው ሰው ግን አይረሳም። በተለይ የታዘዘውን ከልቡ የሚሠራ ሰው አይረሳም፤ ይህን የተማርኩት ዘንድሮ ነው።

የማወራው ስለ ጋሼ ነው። ጋሼ የዓሣ ጠባቂያችን ናቸው። ከዛሬ ወዲያ «ነበሩ» ማለት ሊኖርብኝ ነው፣ አፌ ግን እስካሁን እሺ አላለኝም።

ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ዓሣ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ከወንዙ የምንስበው ውሃ ወደ ትልልቆቹ ገንዳዎች ከመግባቱ በፊት፣ ጥቂቱ በቀጭን ቱቦ ተከፍሎ ወደ አንድ የመስታወት ገንዳ ይሄዳል። እዚያ ውስጥ ስምንት ዓሦች በየራሳቸው ክፍል ይኖራሉ። በየክፍሉ ግራና ቀኝ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ተተክለዋል። ዓሣ ሲተነፍስ ጡንቻው በጣም ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ዘንጎቹ ያንን ይለቅሙና ለኮምፒውተሩ ያቀብላሉ። ውሃው ውስጥ መርዝ ሲገባ ዓሦቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንዱ ብቻ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ታሞ ይሆናል ተብሎ ይታለፋል፤ አብዛኞቹ ባንድ ጊዜ ካለከለኩ ግን ደወሉ ይጮሃል፣ እኛም የወንዙን መግቢያ እንዘጋለን። ባዮሴንሰር የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው። ሕይወት ያለው ነገር፣ ወይም ከሕያው የተወሰደ ነገር ያሸታል፤ መሣሪያው ደግሞ የተሸተተውን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ደጅ ጠንቼ ያስፈቀድኩትም እኔ ነኝ። ገንዳው የተተከለ ቀን እንደ ሙሽራ እናት ስንጎራደድ ነው የዋልኩት።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቫልቭ ሲያዞሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው «ዓሣ መመገብ ይሻላቸዋል» ተብሎ ወደ እኔ ተላኩ። ጡረታቸው ደጅ ላይ ነበር። ገና ሥራውን ሳይለምዱት ለዓሦቹ ሁሉ ስም አወጡላቸው። አለቃ አለ፣ እመቤት አለች፣ ፈሪው አለ፣ ምግብ ባየች ቁጥር መስታወቱን በአፍንጫዋ የምትመታ ሆዳሟ የምትባልም አለች። እኔ ስገባ «እመቤት ዛሬ አኩርፋለች፣ እስቲ ሰላም በያት» ይሉኛል። እኔም ክብሪቷ ጎንበስ ብዬ ለዓሣ ሰላምታ እሰጣለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጊ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት አውቃለሁ፤ ለጋሼ ግን እምቢ ማለት አይሆንልኝም ነበር።

አንድ ቀን «ልጄ፣ እስቲ ቁጭ ብለሽ አስረጂኝ። የእነዚህ ፍጥረቶች ሥራ በትክክል ምንድን ነው?» አሉኝ። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ወሬዬን አፈሰስኩት። ስለ ወተት ፋብሪካ ነገርኳቸው፤ ላሟ መድኃኒት ተወግታ እንደሆነ ወተቷ ውስጥ ገብቶ የሚያሳብቅባት ወረቀት አለ። ስለ ሥጋ ነገርኳቸው፤ መበላሸት ሲጀምር ገና አፍንጫችን ሳይሰማው የሚለይ መሣሪያ አለ። ሴት ማርገዟን የምታይበት ዘንግም የዚሁ ዘመድ ነው ስላቸው «በይ እሱን እንኳ ተይው» ብለው ሳቁ። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚጠብቁ፣ ብርሃን የሚሰጡ ባክቴሪያዎች እንዳሉ፣ መርዝ ሲነካቸው ብርሃናቸው እንደሚደበዝዝ ሳይቀር ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «እንግዲያ የእኛዎቹ ዘበኞች ናቸው በይኛ» አሉ።

«አዎ፣ ዘበኞች ናቸው» አልኩ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። መርዝ በመጣ ቀን የእነዚህ ዓሦች ሥራ መታመም ነው፤ ሲብስም መሞት ነው። ያስቀመጥናቸው ከእኛ ቀድመው እንዲሞቱ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሆዳሟ ከጎናችን መስታወቱን ትመታለች፣ ጋሼም በጣታቸው መልሰው እየመቱላት ይስቃሉ። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሌላ ቀን የሚሉት ነገር ሥራ ለሚበዛበት ሰው አይመጣም።

ዝናቡ ሲጀምር ጣጣው መጣ። ከወንዙ በላይ ካሉት እርሻዎች ፀረ ተባዩ በጎርፍ እየታጠበ ይወርድ ጀመር። ሰውን የሚጎዳ መጠን አልነበረም፣ ለዓሣ ግን ይበቃል። ደወሉ ይጮሃል፣ መግቢያውን እንዘጋለን፣ ከተማው ውሃ ያጣል፣ የሰው ሁሉ ስልክ ሥራ አስኪያጁ ላይ ይዘንባል፣ እሱ ደግሞ እኔ ላይ ይዘንባል። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ስልክ ይፈራል። በመጨረሻ ቢሮው አስጠርቶኝ «ወይ ደወልሽን አስተካክዪ፣ ወይ አስነቅለዋለሁ» አለኝ። ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። ለእሱ የምመልሰው ስላጣሁ ማን ላይ እንደወረድኩ መገመት አያቅታችሁም።

ጋሼ የሞቱትን ዓሦች በመረብ እያወጡ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል። እኔ ዓይናቸውን መች አየሁ፤ የማስበው ስለዚያ ደወል ነበር።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ዓሣ እንዳይሞትብኝ» አልኳቸው። «እንዴት እንደሚያደርጉት እኔ አላውቅም። ካልቻሉ የሚችል ሰው አመጣለሁ።»

መረቡን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እሺ ልጄ። አይሞቱብሽም» አሉ።

ማታ ራት ላይ ስቀርብ ነገሩን ረስቼው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ። ለሞቱት ምትክ አመጣን፣ ደወሉም ዝም አለ። ወንዙ ጭቃ ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፣ የዓሦቹ ገንዳ ግን ጥርት ብሎ መስታወቱ ያብረቀርቃል። አየሁት እኮ። ኬሚስት ነኝ፣ ዓይንም አለኝ፤ ያ ገንዳና ያ ወንዝ አንድ ውሃ ሊሆኑ እንደማይችሉ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እኔ ግን «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ንጽሕናው ደስ ይላል» ብዬ አለፍኩ። ሰላሙ ጥሞኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «የላቦራቶሪ ኃላፊያችን ችግሩን ፈታችልን» ብሎ አስጨበጨበልኝ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ስልኩ የተደወለው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ጠዋት፣ ገና ጋዋኔን ሳልለብስ። «ከታች ሰፈር ሰው እየጎረፈብን ነው» አለችኝ ሐኪሟ። «ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ጡንቻቸው ይንቀጠቀጣል፣ የዓይናቸው ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። እስቲ ውሃችሁን እዩት።»

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያመጣ ብዙ ነገር የለም፤ ፀረ ተባይ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ነርቮቻችንን «በቃ፣ አሁን ዕረፉ» የሚል ኢንዛይም አለ፤ ያ መርዝ ሲገባ የኢንዛይሙን አፍ ይዘጋዋል። በቃ የሚላቸው ያጡ ነርቮች ደግሞ ማቆም አያውቁም። ይኸው ኢንዛይም የተቀባ ወረቀት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበረን። ውሃው ውስጥ ይነከራል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ የመፈተኛ ጠብታ ይጨመርበታል። ኢንዛይሙ ደህና ከሆነ ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከተመረዘ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ዓሦቹ አሉልን ብለን ወረቀቱን በየቀኑ መጠቀም ትተነው ነበር።

«መግቢያውን ዝጉ» እያልኩ ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። ከወንዙ መግቢያ ቀድቼ ነከርኩ፤ ነጭ እንዳለ ቀረ። ወደ ዓሦቹ ሄድኩ። ስምንቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይንሸራሸራሉ፣ ሆዳሟ እንዲያውም መስታወቱን መታችልኝ። ከእነሱ ገንዳ ቀድቼ ነከርኩ። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ። እንዲያ የሚያምር ሰማያዊ አይቼ አላውቅም።

ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አንድ ወንዝ ነው፣ በመካከል ያለው ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው ወደ ገንዳው የሚገባበትን ሣጥን ክዳን አነሣሁት። ውስጡ በጥንቃቄ የተሰፋ የጨርቅ ከረጢት ተቀምጧል፣ በተፈጨ ከሰል የተሞላ። ከሰል መርዝ ይጠጣል። ለትልቁ ማጣሪያችን ይገዛልን ብለን በየዓመቱ እንጠይቃለን፣ በየዓመቱ አይፈቀድልንም። ከተማው በሙሉ መርዝ ሲጠጣ በከሰል የተጣራ ውሃ የደረሳቸው ስምንት ዓሦች ብቻ ነበሩ።

ጋሼ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። ስለ ጤና ጣቢያው ገና አልሰሙም። «አገኘሽው?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ልነግርሽ ልነግርሽ እያልኩ ነው የከረምኩት። ከረጢቱን ባለቤቴ ናት የሰፋችው። ከሰሉን እኔው ፈጭቼ፣ አጥቤ፣ ጭቃ ሲይዝብኝ እቀይረዋለሁ። አባቴ የጉድጓድ ውሃ እንዲህ ነበር የሚያጣራው። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም አልሞተብሽ።»

አልሞተብሽ። ከራሴ አፍ የወጣችው ቃል ዞራ መጣችብኝ። ያን ጊዜ እጃቸውን ይዤ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ቀስ ብዬ መንገር ነበረብኝ። ግን ሥራ አስኪያጁና የፓምፕ ሠራተኞቹ በሩ ላይ ደርሰው ሁሉም እያዩን ነበር፣ እኔም ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ የማውቀው መጮህ ብቻ ነው። «ምን አድርገው ነው ጋሼ? ከተማውን መረዙት እኮ! ማን ፈቀደልዎ?» አልኳቸው።

ማን ፈቀደልዎ። ይህን ስል ማን እንዳዘዛቸው አውቃለሁ። ጋሼ የጀመሩት ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ሥራ አስኪያጁን አዩ፤ ከዚያ ከረጢቱን ከሣጥኑ አውጥተው እንደያዙት ቆሙ። ውሃው በልብሳቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

የነገሩ መነሻ ኋላ ተጣራ። ላይኛው ድልድይ ላይ ፀረ ተባይ የጫነ መኪና ተገልብጦ በርሜሎቹ ወንዝ ገብተዋል፤ ሹፌሩም ለማንም ሳይናገር እግሬ አውጪኝ ብሏል። የሞተ ሰው የለም። ይህን ስሰማ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። የታመመው ግን ብዙ ነው። ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ኮሪደሩ ላይ የተኙትን አያለሁ። ማንም አያውቀኝም፤ የበሽተኛ ዘመድ መስያቸው ጠጋ ብለው ቦታ ይለቁልኛል፣ እኔም እቀመጣለሁ። ከበሽተኞቹ መካከል አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሌሎቹ ድነው ሲወጡ እሱ ቀረ። ከወጣ በኋላም እጁ መንቀጥቀጡን አልተወም። ሚስቱ መርፌው ላይ ክር ስታስገባለት በሱቁ መስኮት አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላልፍም፣ ዞሬ ነው የምሄደው።

ጋሼ ከሥራ ታገዱ፣ ጉዳያቸውን የሚያይ ኮሚቴም ተቋቋመ። ከተባረሩ ጡረታቸው አብሮ እንደሚቀር ሁሉም ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ሽማግሌው ከሰል ከተተበት» የሚለው ወሬ ብቻ ሆነ። እኔ ስገባ ወሬውን ያቆማሉ፣ ለእኔ አዝነው። የለፋሁበትን አበላሹብኝ ብለው ነው የሚያዝኑልኝ። ያንን ሐዘኔታ ምነው በጥፊ ቢለውጡልኝ። «እንዳይሞትብኝ» ማለቴን ከእሳቸው በቀር የሰማ ሰው አልነበረም። አንዳንዴ ዓይኔን በጨው አጥቤ ‹ከሰል ይክተቱ አላልኩም እኮ› እላለሁ ለራሴ። እውነት ነው፣ አላልኩም። ያልኩት ‹እንዴት እንደሚያደርጉት አላውቅም› ነው። ከዚያ የባሰ ትእዛዝ ካለ ንገሩኝ።

ቤት ደግሞ እናቴ አለች። ለጎረቤቱ ሁሉ «መርዙን ያገኘችው ልጄ ናት» ስትል ነው የምትውለው። ሰዎች ሊያመሰግኑኝ በር ድረስ ይመጣሉ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «ያ ሽማግሌ ግን እንዴት ያለ ደነዝ ቢሆን ነው?» አለችኝ።

«ደነዝ አይደሉም» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ውሃው ተደፋ።

«እኔ ምን አልኩ?» አለች እናቴ፣ ጨርቅ ፍለጋ እየተነሣች። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።» ከእኔ ይልቅ እሷ ደንግጣ ነበር።

ትናንት ቤታቸው ሄድኩ። የሄድኩት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ልነግራቸው ነው፣ መንገዱን ሙሉ የምለውን ስደረድር ነበር። ባለቤታቸው በሩን ከፈቱልኝና «ግቢ ልጄ፣ እግዜር ነው ያመጣሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰው አያናግርም፤ አንቺን ይወድሻል፣ ምናልባት ላንቺ» አሉኝ። ከረጢቱን የሰፉት እነዚህ እጆች መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን እየወጉ ነበር። ስኳር እንዳለባቸው አላውቅም ነበር። ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ልማድ ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም። የደማቸውን ጠብታ በስትሪፑ፣ በቀጭኗ የመመርመሪያ ወረቀት ጫፍ አስነኩት፣ መለኪያው ቁጥር አሳየ፣ ስትሪፑን ነቅለው መጣያ ውስጥ ጣሉት።

«ጋሼ፣ ይኼም እኮ ባዮሴንሰር ነው» አልኩ። አፌን የከፈትኩት ሌላ ነገር ለማለት ነበር። «ጫፉ ላይ ኢንዛይም አለ። የሚያውቀው ስኳርን ብቻ ነው፤ ደም ውስጥ ሌላ ሺህ ነገር ቢኖር ዞር ብሎ አያየውም። ስኳሩን ሲያገኝ ይቀይረዋል፣ በዚያ መካከል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወጣል። ስኳሩ ሲበዛ ኤሌክትሪኩም ይበዛል። መለኪያው እሱን አይቶ ነው ቁጥሩን የሚነግርዎ።»

«እንደ ዓሦቹ» አሉ።

«አዎ፣ እንደ ዓሦቹ።»

መጣያው ላይ አፈጠጡ። «ይኼ አንዴ ካገለገለ ይጣላል» አሉ። «ታዲያ እነሱም…»

አልጨረሱትም፤ እኔም አልጨረስኩላቸውም። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ እነሱን ያዳንኩ መስሎኝ» አሉ። «ስንት ሰው ልጨርስ ነበር እኮ ልጄ።»

ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ያለብኝ እዚያ ላይ ነበር። ቃሉን ደርድሬዋለሁ። እሳቸው ቀደሙኝ። «አንቺ አትጨነቂ። ያልሽኝን ነገር ነገ ኮሚቴው ፊት አላነሣውም። አንቺ ገና ነሽ፣ ስምሽ ይጠፋል። እኔ እንደሆነ ያው አርጅቻለሁ።»

ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ቅልል አለኝ። ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ግን ቅልል አለኝ። ባለቤታቸውን ሳይቀር ስሜ ተሰናበትኩ። በሩ ተዘግቶ መንገድ ላይ ስወጣ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ። አንድ ጊዜ አዝዤ ሥራቸውን አስበላሁ፤ አሁን ደግሞ ዝም ብዬ እንጀራቸውን ላስበላ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬ ጠዋት ኮሚቴው ተቀመጠ። ጋሼ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል፣ ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ሥራ አስኪያጁ «ከሰሉን እንዲያስገቡ ያዘዘዎ ሰው አለ?» አላቸው።

«የለም።»

«ታዲያ ለምን አደረጉት?»

«አሳዘኑኝ» አሉ።

አንዱ የኮሚቴ አባል ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ከወንበሬ ያስነሣችኝ። «ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ማቆም አልቻልኩም። ዓሦቹ ለምን እንደተቀመጡ አለመንገሬን፣ ዓሣ እንዳይሞትብኝ ማለቴን፣ ሌላ ሰው አመጣለሁ ብዬ ማስፈራራቴን፣ ጥርት ያለውን ገንዳ አይቼ እንዳላየ ማለፌን፣ በሰው ፊት ጮኼባቸው ጥፋቴን እሳቸው ላይ መደፍደፌን ሁሉ ተናገርኩ። ጋሼ ከጎኔ «ተዪ ልጄ፣ ተዪ» ይላሉ። አልተውኩም። ወይ አብረን እንባረራለን፣ ወይ አብረን እንተርፋለን ብዬ ነበር ያሰብኩት። እንዴት ያልኩ ሞኝ ነኝ።

ወደ ውጭ አስወጥተውን ተመካከሩ፣ መልሰው ጠሩን። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። «አነጋገርሽን ብታስተካክዪ ጥሩ ነው» አለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ እያባበለ ጭምር። ሌላ ኬሚስት ከየት ያመጣል? እውነቱን ስለተናገርኩም በኮሚቴው ስም አመሰገነኝ። ጋሼ ግን ያለ ፈቃድ መሣሪያ ነክተዋል ተብለው ተሰናበቱ። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ እኔንም አባሩኝ አልኩ፤ «ይበርድልሻል» ተባልኩ። ዓመሌን ያውቁታላ። እውነቴ እኔን አስመሰገነኝ፣ ለእሳቸው ግን ምንም አልፈየደም።

ከሰዓት በኋላ የጤና ቢሮ ሰዎች መጡ። ከተማው እስከ ዛሬ ውሃ የሚጠጣው በመኪና እየታደለ ነው። ገንዳው መሥራቱን በዓይናቸው ካላዩ መግቢያውን እንድንከፍት አይፈቅዱም። ከሰሉ ወጥቷል ብንላቸው አልበቃቸውም፤ መርዝ ገብቶበት ደወሉ ሲጮህ እንይ አሉ። ልክ ናቸው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እላለሁ።

ቱቦውን ዘግቼ ገንዳውን ለየሁት። ላቦራቶሪ የመዘንኩትን መርዝ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ሌላ ሰው እንዲያፈስ ማዘዝ እችል ነበር። አላዘዝኩም። ዓሦቹ ሰው ሲያዩ ምግብ የመጣ ይመስላቸዋል፤ ስምንቱም ወደ እኔ ዞሩ። አፈሰስኩት።

ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፈሪው መስመር መፍጠን ጀመረ፣ ቀጥሎ የአለቃ፣ ቀጥሎ የሌሎቹ። ዓሦቹ አፋቸውን እየከፈቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ደወሉ ጮኸ። «ጥሩ ነው፣ ይሠራል» ተባባሉ የጤና ቢሮ ሰዎች፤ ሥራ አስኪያጁም ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ሲል ሰማሁት።

በሩ ተበርግዶ ጋሼ ገቡ። ዕቃ ክፍል ቁልፍ እያስረከቡ ነበር። ደወሉን ሲሰሙ መባረራቸውን ረስተው፣ ያን ሕመምተኛ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሮጠው መጥተዋል። እኛን አንዳችንንም ሳያዩ መረቡን ከግድግዳው አወረዱ። ገንዳው ጋ ሳይደርሱ እጃቸውን ያዝኳቸው።

«ይተዉት ጋሼ» አልኩ።

ገንዳውን አዩ። ሌላኛው እጄ ላይ ያለውን ባዶ ብልቃጥ አዩ።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ዓሦቹ የተቀመጡት ለዚህ ነው።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ እንዴት በወደድኩ። መረቡን ሰጡኝና ልብሳቸውን አስተካከሉ።

«ያኔ እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ እኮ» አሉኝ፣ «ይህንንም እሺ እልሽ ነበር።»